ዘጠነኛው ዘፈን

ጥሩወርቅ በሩን ገፍታ ስትገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ዘፈን ለአራተኛ ጊዜ እየሞከሩት ነበር። የሚለማመዱባት ክፍል ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለች የድሮ የእህል መጋዘን ናት፤ ጊታርና ድራም ከገባባት ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም ዱቄት ዱቄት ትሸታለች። ይሻው ሚስቱን እንዳየ የድራም ዱላዎቹን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቀረ። ዓለምነው የቤዝ ጊታሩን ክር በመዳፉ አፈነው። ፈንታሁን ግን ሲዘፍን ዙሪያውን የሚረሳ ሰው ነውና ሁለት ስንኝ ለብቻው ከተጓዘ በኋላ ነው የነቃው።

እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች። ይሻው ባፈረ ድምፅ ማስረዳት ጀመረ፤ የአክስቷ ሰልስት ስድስት ሰዓት ስለሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል ተለማምዶ ሊደርስ እንደነበር፣ ሊነሳም እንደነበር። አላዳመጠችውም። ዓይኗ ፈንታሁን ላይ ነበር።

«ፈንታሁን» አለችው።

ሁለቱ አበልጆች ናቸው። የጥሩወርቅና የይሻው የበኩር ልጅ የባንተአምላክ የክርስትና አባት ፈንታሁን ነው። ልጁ ከተጠመቀበት ቀን ጀምሮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ «አበልጄ» ሳትል ጠርታው አታውቅም፤ ከአንቱታም ዝቅ ብላ አታውቅም። እሱም እንዲያው። ዛሬ በስሙ ስትጠራው ፈንታሁን ጊታሩን ከአንገቱ አውርዶ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ዓርብ ቀብሩ ላይ አልነበርህም።»

«ባሕር ዳር ነበርሁ አበልጄ። የመጪውን ቅዳሜ ኮንሰርት አዳራሽ እኔና ዓለምነው እንድናይ ተጠርተን ነው። ዛሬ ለሰልስቱ ልደርስ…»

«ትደርሳለህ። ዓርብ የሆነውን ግን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ባሌ አልነገረህ ይሆናል።»

ይሻው አንገቱን ደፋ። አልነገረውም ነበር።

አልጮኸችም። ገበያ ላይ የደረሰባትን ነገር እንደምትነግረው ሁሉ ቀስ ብላ ነው ያወራችው። አክስቷ እትዬ ድንቅነሽ ጋፋት ተወልደው ጋፋት ያረጁ፣ በአካባቢው ማንም ሰው ቢሞት ያለ እሳቸው የማይለቀስለት አልቃሽ ነበሩ። ሙሾ ማውረዱን ጥሩወርቅን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው፤ ገና ልጅ ሳለች ከየለቅሶው ይዘዋት እየዞሩ። ዓርብ ዕለት ሬሳው ሲወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። ከእሷ በቀር ማን አለ? ደረቷን መትታ አንድ ድምፅ አወጣች። ያን ጊዜ ከኋላ የቆሙት ልጃገረዶች ስልካቸውን አወጡ። አንዷ ዜማውን ቀድማ ያዘችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እርስ በርሳቸው «የመብረቅ ባንድ ዘፈን እኮ ነው» ሲባባሉ በጆሮዋ ሰማች።

«አፌን ዘጋሁ» አለች ጥሩወርቅ። «ደግሜ ልክፈተው ብዬ ስታገል የሚሰማኝ ያንተ ጊታር ነው። ላገር ስታለቅስ የኖረች ሴት ሳይለቀስላት አፈር ገባች።»

«አበልጄ፣ እኔ እኮ…»

«ዛሬ ሰልስቱ ላይ የምታለቅስላት አንተ ነህ። ያለ ጊታር፣ ያለ ማይክ። የኔን ወስደሃልና በኔ ቦታ ቁም። ካልመጣህ ከዛሬ በኋላ ደጄን አትርገጥ፤ የልጄንም ስም አትጥራ።»

ይሻው ከድራሙ ኋላ ተነሳ። «ፈቃድ የሰጠሁት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ የልጁ አባት ነህ» አለችው ወደ እሱ ሳትዞር። «ያለቀስሁት ግን እኔ ነኝ።»

በሩን ሳትዘጋው ሄደች።

መብረቅ ባንድን የደብረ ታቦር ሰው ያውቀዋል፤ ከአርባ ዓመት በታች የሆነው ግን የሚያውቀው በአባቱ ወሬ ነው። በደርግ ዘመን በአውራጃው ኪነት ውስጥ ክራርና ከበሮ ይጫወቱ የነበሩ ሦስት ጎረምሶች፣ አንድ የሂሳብ መምህር ትቶት በሄደ ካሴት የፈረንጅ ሮክ ሰምተው አበዱ። ቀረርቶን በኤሌክትሪክ ጊታር ካልተጫወትን ብለው ኃላፊውን አስቸገሩት፤ ሰውየው አንድ ቀን ሰምቷቸው ጆሮውን ይዞ ከአዳራሹ ወጣ፤ በሳምንቱ ተባረሩ። ደግ አደረገ። በዚያው ሁለት ካሴት አወጡ፤ ለጥቂት ዓመታትም ከጎንደር እስከ ወልድያ የሚደግስ ሁሉ ይጠራቸው ጀመር። ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ከነማሽኑ የሦስቱን ሥራ ጠቅልሎ ያዘውና መብረቅ ተረሳ። ፈንታሁን ትምህርት ቤት ገብቶ ሙዚቃ አስተማረ፣ ይሻው የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ፣ ዓለምነው በማዘጋጃ ቤት አርጅቶ ጡረታ ወጣ።

በስተርጅና አልበም እናውጣ ያለው ፈንታሁን ነው። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ግራ ጆሮው ከደከመ ቆየ። ሚስቱ ማሬ እግሩን ሰቅሎ ጡረታውን እንዲበላ ብትለምነው አሻፈረኝ አለ። ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አንዴ ከያዘው መቼም መላ የለውም። ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር፣ «ፈንታሁን የሚባል ሰው ነበር» የሚያሰኝ አንድ ነገር፣ ይላል ቁጭ ብሎ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየጻፈ እየሰረዘ ስምንት ዘፈን አዘጋጀ። ስምንቱንም እንደ ልጆቹ ይወዳቸው ነበር።

ዘጠነኛው ሌላ ነው።

ባንተአምላክ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ከባሕር ዳር ሲመለስ፣ አንበሳሜን እንዳለፉ፣ የተሳፈረበት መኪና ተኩስ መሀል ገባ፤ ከአሥራ አራቱ ተሳፋሪ የሞተው እሱ ብቻ ነው። መርዶው ሲመጣ ጥሩወርቅ ልብሱን አጥባ ጓሮ አስጥታ ነበር። ለቅሶው ላይ እንዲህ ብላ አወረደችለት፦

ሸሚዝህ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣
ማን ይለብሰዋል ባለቤቱ ጠፍቶ።

ዜማው የእሷ ነው። ሌላው አልቃሽ መጨረሻው ላይ ድምፁን ያወርዳል፤ እሷ ትወርዳለች ሲሏት ወደ ላይ ትወጣና እዚያው ትሰብረዋለች። ድንኳን ውስጥ የነበረ ወንድ ሁሉ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ፈንታሁንም አለቀሰ፤ የክርስትና ልጁ ነው፤ ክራር መምታት ያስተማረው እሱ ነው። እያለቀሰ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ጣቶቹ በጋቢው ሥር የጊታር ክር ይፈልጉ ነበር።

እዚህ አገር ሙሾ ሟች በሌለበት አይወርድም። እናት ለልጇ ያለቀሰችው በቀብሩ፣ በሰልስቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቃል በሰላም ቀን የሚያንጎራጉረው ሰው ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። ፈንታሁን ይህን አሳምሮ ያውቃል። አውቆም ሙት ዓመቱ ባለፈ በወሩ ይሻውን ጠላ ቤት ይዞት ገባና ዜማውን በቀስታ አንጎራጎረለት። በአልበሙ ይግባ ወይ ብሎም ጠየቀው። ይሻው ጣሳውን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «ይግባ» አለ። አባት ከፈቀደ ሌላ ምን ቀረ? ሁለቱም ወንዶች ናቸውና ነገሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለቀ መሰላቸው። የፈንታሁን ጥፋት ግን ከዚህ ይብሳል። ጥሩወርቅን መጠየቅ እንዳለበት አልጠፋውም። እንቢ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ነው ያልጠየቃት።

ቀረጻው ባሕር ዳር ሦስት ቀን ፈጀ። ሲሄዱ አንበሳሜ ላይ ይሻው በመስኮት እንዳያይ ዓለምነው ወሬ ፈጥሮ ያዋራው ነበር። የድምፅ ባለሙያዋ እፀገነት የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። አባቷ የመብረቅን ካሴት ሲሰሙ እንዳደገች ነግራቸው በአክብሮት ተቀበለቻቸው፤ ሥራ ላይ ግን ምሕረት አታውቅም። ይሻው በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣለትን የምት መቁጠሪያ ድምፅ ተከትሎ መምታት አቃተው፤ አንዴ ይቀድመዋል፣ አንዴ ይቀርበታል። እሷም በኮምፒውተር እየቆረጠች እየቀጠለች ታቃናዋለች። ስምንቱ ዘፈን እንዲህ ተሠራ። ንጹሕ ነው፣ ልክ ነው፣ ሕይወት ግን የለውም፤ ፈንታሁንም በደከመ ጆሮው እንኳ ይህ አልጠፋውም።

ዘጠነኛው ላይ መቁጠሪያውን አጠፋችውና እንደመጣላቸው እንዲጫወቱ ነገረቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወቱት። ይሻው እየመታ አለቀሰ፤ ቅጂው ላይ ዛሬም ሳጉ ይሰማል። ሲጨርሱ እፀገነት ማዳመጫዋን አውልቃ ከእነሱ የሚለያትን መስተዋት በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ አልበሙ ይኼ ነው» አለችው።

ደስ አለው። ስምንቱስ ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ሲያስብ ግን ደስታው ቀዘቀዘ።

አልበሙ በመስከረም ሲወጣ እዚህ ዳታ ተዘግቶ ነበር። የደብረ ታቦሩን ባንድ ከደብረ ታቦር በፊት አዲስ አበባ ሰማው። በስልክ የሚደውል ዘመድ ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ዘፈን ነው። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ደግሞ ስምንቱ ዘፈኖች ሠላሳ ዓመት ዘግይተው እንደመጡ፣ ዘጠነኛው ባይኖር አልበሙ ባይወጣም ማንም እንደማይጎዳ ተናገረ። ይህን የነገረው ዘመድ ደስ ይለዋል ብሎ ነው የደወለለት። ፈንታሁን አመስግኖ ስልኩን ዘጋና ጓሮ ወጥቶ ተቀመጠ። አርባ ዓመት የለፋበት ነገር በመጨረሻ ሰው ጆሮ ገባ፤ የገባው ግን የሌላ ሰው ለቅሶ ነው። ማሬ ምን ሆንህ ስትለው ምንም አላት።

ዘፈኑ ወደ አገሩ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ገባ። ባጃጁ ያጫውተዋል፣ ምግብ ቤቱ ያጫውተዋል። አንዱ ዲጄ ምቱን አፍጥኖ ጭብጨባ ጨመረበትና በጥር ሠርግ ትከሻ ተመታበት። ጥሩወርቅ መጀመሪያ የሰማችው ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቺን ዘፈን ይስሟት እማማ አላት አሉ። ሂሳቧን ከፍላ ወረደችና የቀረውን መንገድ ዘንቢሏን ተሸክማ በእግሯ ሄደች። ለባሏ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለፈንታሁንም አልተናገረችም፤ አበልጄ እንዴት ዋሉ ማለቷን አላቋረጠችም። እነሱም ዝምታዋን እንደ ይሁንታ ቆጠሩት። አይ ሰው፣ ሲመቸው እንዴት ያለ ሂሳብ ያውቃል።

እንግዲህ ጥሩወርቅ ስትሄድ ሦስቱም መጋዘኑ ውስጥ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ ቀሩ። መጀመሪያ የተናገረው ዓለምነው ነው።

«አትሂድ» አለ። «ታመመ እንበል። የቅዳሜው አዳራሽ ከወዲሁ ሞልቷል፤ እንደዚህ ያለ ቀን ሁለተኛ አይመጣልንም። አንተ ጋፋት ላይ ቆመህ ሙሾ ስታወርድ ስልክ ያልያዘ አይኖርም፤ ዳታው ደግሞ ተከፍቷል፤ እስከ ማታ አገር ያየዋል። ካማረልህ በለቅሶ ነገዱ ይሉናል። ካላማረልህ ሽማግሌው አልቆለታል ይሉናል። በየትኛው ነው የምንተርፈው?»

ዓለምነው ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቀረጻው የከፈሉት ከእሱ የጡረታ ቁጠባ ነው፤ የተናገረውም እውነት ነው። ፈንታሁንን ከሁሉ ያስፈራው ደግሞ ዓለምነው ያላነሳው ነገር ነበር። ያለ ጊታር ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። አርባ ዓመት እንጨቱን ደረቱ ላይ ሳያስደግፍ አንድ ዘፈን ዘፍኖ አያውቅም። ጋቢውን ደረበና ከይሻው ጋር ወጣ።

ወደ ጋፋት የሚወስደው የእግር መንገድ በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል። የካቲት ነው፤ እህሉ ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ ቃርሚያውን ከብት ለቅሞ ጨርሶት መሬቱ ተራቁቷል። ነፋሱ አቧራውን ፊታቸው ላይ ይበትናል። ሰላምታ የሚሰጣቸው መንገደኛ ሁሉ ይሻውን እግዜር ያጥናችሁ ይለዋል፤ ፈንታሁንን ደግሞ አየት ያደርገውና ፈገግ ይላል፤ በዘፈኑ አውቆት ነው።

«ይሻው፣ ቅዳሜ ባንጫወተውስ?» አለ ፈንታሁን።

ይሻው ቆመ። ትንፋሽ እስኪሰበስብ ፈንታሁን ጠበቀው፤ ዳገቱ ለሁለቱም ከብዷቸው ነበር።

«እኔስ የት ላልቅስ?» አለው። «ለቅሶው ላይ ወንድ ነህ ተብዬ እንግዳ ሳስቀምጥ፣ ድንኳን ስወጥር ነው የከረምሁት። እኔ ልጄን ያለቀስሁት ስቱዲዮው ውስጥ ነው። ለቅሶዬን ወሰዳችሁት ትላለች፤ እውነቷን ነው። እኔም ግን ሌላ የለኝም።»

«ተቀምጣችሁ ተነጋግራችሁበታል?»

«ስለ ልጁ? ከቀበርነው ወዲህ ስሙን ቤት ውስጥ አንስተን አናውቅም።»

ፈንታሁን መንገዱን ቀጠለ። ሁለት ሰዎች አንድ ልጅ አጥተው፣ አንዱን ለቅሶ ለሁለት መካፈል አቅቷቸው፣ መሀላቸው የገባው እሱ ነው። ዘፈኑ ባይኖር ይሻው ምን ሊሆን ነበር? ዘፈኑ ባይኖር ጥሩወርቅ ዓርብ ዕለት አክስቷን አልቅሳ ትቀብር ነበር። እንዴት ቢያገላብጠው መውጫ አላገኘለትም።

እንዲህ እያሰበ ሲሄድ፣ ሳይጠራው፣ ስንኝ መጣለት። ሲመጣለት እንዲህ ነው፤ ቦታና ጊዜ አይመርጥም። በእርምጃው ልክ አንዴ አለው፤ ደገመው፤ አንዲት ቃል ለወጠበት። ገጠመ። ያማረ ስንኝ ነው፤ ከስምንቱ ዘፈን በአንዱም ውስጥ እንዲህ ያለ የለም። በልቡ ደስ አለው፤ ለለቅሶ እየሄደ ደስ ስላለውም አፈረ።

የእትዬ ድንቅነሽ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ በአጥሩ ጥግ በደረደሩት ግንድና ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጥሩወርቅ ከሴቶቹ ፊት መሬት ላይ ናት። ፈንታሁንን ስታየው በእጇ ወደ መሀል አመለከተችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሰው ጉምጉም አለ። የሟቿ ታናሽ ወንድም አቶ እሸቴ፣ መቋሚያ የያዙ ሽማግሌ፣ ዘፋኝ ከለቅሶ ቤት ምን አለው ብለው ጠየቁ። ጥሩወርቅ እኔ ነኝ የጠራሁት ስትላቸው ዝም አሉ፤ አልተደሰቱም።

ሲቆም እጆቹ የሚገቡበት አጡ። አንዱን ጋቢው ውስጥ ከተተው፤ ሌላው ደረቱ ላይ ባዶውን ቀረ። ልጃገረዶቹ ከኋላ ነበሩ። አንድ ስልክ ወጣ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተወው። ጉሮሮውን ጠረገና አወረደ፦

ላገሩ አልቅሳ ላገሩ ደክማ፣
ድንቅነሽ ሄደች ለቅሶዋን ሳትሰማ።

ድምፁ አላሳፈረውም። እንዲያውም ጊታር ሳይሸፍነው እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው ራሱም አያውቅም ነበር። መጨረሻው ላይ እንደ ጥሩወርቅ ወደ ላይ አወጣውና ሰበረው። ከሴቶቹ መሀል አንዷ ዋይ አለች። አቶ እሸቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሲደግመው ሴቶቹ ተቀበሉት፤ ልጃገረዶቹም ተቀበሉት፤ ግቢው በአንድ ድምፅ ሞላ። አርባ ዓመት መድረክ ላይ የኖረ ሰው ሕዝብ እጁ ሲገባለት ይታወቀዋል። ገብቶለታል። ይህ ስንኝ ጊታር ሲገባበት ምን እንደሚሆን ጭምር አሰበ፤ አዎ፣ እዚያው ቆሞ አሰበ።

ያን ጊዜ ጥሩወርቅን አያት። አንገቷን ደፍታ አፏን በእጇ ይዛዋለች። አታለቅስም። ጠዋት እዚያ መጋዘን በር ላይ ቆማ «ላገር ስታለቅስ የኖረች ሴት ሳይለቀስላት አፈር ገባች» ያለችው ራሷ ናት። ቃሉ የእሷ ነው። ዜማውም የእሷ ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ነግራው፣ መንገድ ላይ ቤት አስመትቶ፣ አሳምሮ፣ በሰው ፊት ደግሞ ወስዶባታል። ይህ ሁሉ ስልክ ይዞት እየሄደ ነው። እሷም አውቃለች። ፈንታሁን እንዲህ ያለ ነውር በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም፤ የከፋው ደግሞ ሆን ብሎ አለመሥራቱ ነው። እንዲህ ነው የተፈጠረው። ሰው ሲያዝን ይሰማል፣ የሰማውን ይወስዳል።

ተቀባዮቹ ጨርሰው ቀጣዩን ስንኝ ይጠብቁ ነበር።

ሌላ ስንኝ አላወጣም። ያንኑ ደገመው፤ አሁን ግን ከዜማው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ጀመረና መውጣት ያለበት ላይ አወረደው። «ላገሩ» የሚለውን ዋጠው። ምቱን አሳለፈ። የሚቀበሉት ሴቶች የት እንደሚገቡ ጠፋቸው፤ ግማሾቹ ገቡ፣ ግማሾቹ ቆሙ፤ ድምፁ ተንጋደደ። ለሙዚቀኛ እንዲህ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ጉሮሮው ወደ ልኩ ሊመለስ ይታገለዋል፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ጨብጦ ነው ያስቆመው። ከኋላ አንዷ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ምን ነካው ሰውዬው?» አሉ አቶ እሸቴ ጮክ ብለው። «የሞቱት እኮ ድንቅነሽ ናቸው።»

ይሻው ከግንዱ ላይ ግማሽ ተነሳ። ከስልኮቹ አንዳንዶቹ ወረዱ፤ የቀሩት ግን ይበልጥ ተጠጉት፤ ሽማግሌ ዘፋኝ ሲዋረድ ማየት የማይወድ የለም። ቅዳሜ አዳራሹን የሚሞላው ሰው ዛሬ ማታ ይህን ያየዋል። ያ የሬዲዮ ጋዜጠኛም ያየዋል። ዓለምነው ቁጠባውን የከሰከሰበት አልበም፣ ያንን አንድ ዘፈን ጨምሮ፣ ከዚህ በኋላ በተነሳ ቁጥር ይህ ጩኸት አብሮ ይነሳል። ይህን ሁሉ ቆሞ አሰበው።

ጥሩወርቅ ቀና አለች። እጇ ከአፏ ወርዷል። ፊቷ ላይ የነበረው ኀዘን አልነበረም፤ ቁጣ ነበር፤ አናጢ ሌላው ሲቸነክር አይቶ ጠማማ ነው ብሎ የሚቆጣው ዓይነት ቁጣ። ሁለቱንም እጆቿን መሬት ላይ አድርጋ በጉልበቷ ተነሳች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ለእሷ እንዲህ አይለቀስላትም።»

አሁን ቢቀመጥ ያምርበት ነበር። አሞት ነው ይባልለት ነበር፤ ዕድሜ ነው፣ ኀዘን ነው ይባልለት ነበር። ይሻው በዓይኑ ተቀመጥ እያለ ይለምነዋል። ጥሩወርቅ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋለች፤ ድምፅ ግን ገና አላወጣችም።

ፈንታሁን አልተቀመጠም፤ ዓርብ የዘጋችውን አፏን እስክትከፍት አይቀመጥም። ስልኮቹ ወዳሉበት ዞረና ያንኑ ስንኝ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከሁለተኛው አብልጦ እያበላሸ፣ ጀመረው።